እስክበላ ድረስ የቆየው ደም

እንጅባራ በነበርኩባቸው ዓመታት ምግብ ቤት ገብቼ በተቀመጥኩ ቁጥር አስተናጋጁ ጨርቁን ትከሻው ላይ እንደጣለ ይመጣና «ሰው ይመጣል?» ይለኛል። «አይመጣም» እለዋለሁ። በማግስቱ ስሄድ ያው ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የሚረሳኝ መስሎኝ እናደድ ነበር። በኋላ ገባኝ። ለአንድ ሰው ጠረጴዛ መያዝ ጠረጴዛ ማባከን ነው፤ ደግሞም አንዲት ሴት ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ስትጎርስ ማየት ለእሱም አልተመቸውም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። እኔ መሞቱን እንኳ ያን ያህል አልፈራሁትም፤ የከበደኝ መብላቱ ነበር።

ያደግኩት ዳንግላ ነው። ዳንግላ ከእንጅባራ ሩቅ አይደለም፤ ሚኒባሱ ካልሞላሁ አልነሣም ብሎ ከሚያስቆመን ጊዜ በቀር መንገዱ ራሱ አያሰለችም። ግን እናቴ ከሞተች በኋላ ቤታችን ተከራየ። አንዱ ወንድሜ ሀዋሳ ገባ፣ ሌላው አረብ አገር ሄደ። ዳንግላ የምወርድበት መነኸሪያ እንጂ የምገባበት ቤት አልነበረኝም። ባለጋሪው መነኸሪያው በር ላይ ቆሞ «ወዴት ነሽ?» ሲለኝ መልስ እያጣሁ ስለተቸገርኩ መሄዱን ተውኩት።

እሑድ እሑድ ወደ ጥርባ ሐይቅ በእግሬ እወጣ ነበር። ሐይቁን ለማየት የሚመጣው ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ነው። ሁሉም ስልኩን እየሰጠኝ «እባክሽ አንድ ፎቶ አንሺን» ይለኛል። ብቻውን የቆመ ሰው ለዚያ ይጠቅማል። ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን እጮኛ እንዳነሣሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

የመጣሁበት ሥራ የሰው ደም መቅዳትና መለየት ነበር። ሁለተኛ ዲግሪዬን በባዮሎጂ እንደጨረስኩ አዲስ አበባ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር የሚመሩት ጥናት ውስጥ ገባሁ። እሳቸው አማካሪዬ ሆኑ፤ ስልክ ሲደውሉ ሳይስሉ አይጀምሩም። ነገሩ ግልጽ ነበር። ጥናቱ የሚረባ ነገር ካገኘ አብሮን የሚሠራው የውጭ አገር ላብራቶሪ ለሦስተኛ ዲግሪ ይወስደኛል፤ ካላገኘ ጓዜን ጠቅልዬ ወደ ማስተማር እመለሳለሁ። እውነቱን ልናገርና ያጓጓኝ ዲግሪው ብቻ አልነበረም። እዚያ ላብራቶሪ ውስጥ እኔ ስለማስበው ነገር የሚያወሩ ሰዎች አሉ፤ ምሳ ሰዓት ሲደርስ አብረው ይወጣሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

የማስበው ነገር ስለ ቢ ሴል ነው። ቢ ሴሎች ከነጭ የደም ሴሎች ወገን ናቸው፤ በሽታ ሲመጣ የሚዋጋውን አንቲቦዲ የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ገና ምንም በሽታ ያላጋጠማቸው አሉ፤ እኔ ጀማሪዎቹ እላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ተዋግተው የጠላታቸውን መልክ የያዙ አሉ፤ እነሱ አስታዋሾቹ ናቸው። የሚገርመው የሁለቱም ዘረ መል አንድ መሆኑ ነው። ይህን ለአዊ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። ወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራው ሰው ቢሮ ውስጥ አማርኛ ይናገራል፤ ቅዳሜ ገበያ ላይ አክስቱን ሲያገኝ አዊኛ ይናገራል። ሁለቱንም ይችላል፤ ሰውየውም ያው ነው። የሚለየው የትኛውን፣ የት እንደሚናገር ነው። ሴልም ዘረ መሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ በአንዴ አይናገርም። እኔ የማነበው ደሙ በተያዘበት ሰዓት እየተናገረ የነበረውን ነው።

ጥያቄያችን ይህ ነበር፤ ወባ ደጋግሞ የያዘው የቆላ ሰው አስታዋሽ ሴሎች ወባ ከማያውቀው የደጋ ሰው አስታዋሾች የተለየ ነገር ይናገራሉ ወይ?

ደጋዎቹን ማግኘት ቀላል ነበር። የአንድ የፕሮቴስታንት ጉባኤ ፓስተር ስለ ጥናቱ ለምእመናኑ ነገሩልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ጸሎት ሲያበቃ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ ሆስፒታል ጓሮ ወዳለችው ክፍሌ ተያይዘው ይመጣሉ። ነጋዴ፣ መምህር፣ ልብስ ሰፊ፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው ነው። ክንዳቸውን ይሰጡኛል፤ «ጌታ ይባርክሽ» ይሉኛል፤ እየተሳሳቁ ይሄዳሉ። ደሙ ሙቀቱ ሳይለቀው ማሽኑ ውስጥ ይገባል። እነሱ ከወጡ በኋላ ክፍሏ ውስጥ የሚሰማው የሚሽከረከረው ማሽን ድምፅ ብቻ ነው።

ቆላዎቹ ግን አይመጡም። አረም ላይ ናቸው፤ አረሙ ሲያልቅ አጨዳ ላይ ናቸው። ስለዚህ እኔ እሄዳለሁ። ከእንጅባራ ወደ ጫግኒ መንገዱ ቁልቁል ነው። ጠዋት በጋቢና በሹራብ ተጠቅልዬ እሳፈራለሁ። በመንገዱ ዳርና ዳር ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የተሠራ ከሰል በማዳበሪያ ተሞልቶ ቆሟል። ግማሽ መንገድ ላይ ጋቢው ይወልቃል፤ ጫግኒ ስደርስ ሹራቡ ወገቤ ላይ ታስሯል። እዚያ አንድ ጤና ጣቢያ አንዲት ክፍል ስለሰጠኝ ትንሿን ማሽን አስቀምጬባታለሁ። ከጫግኒ ባጃጅ ይዤ ወደ ገጠሩ እገባለሁ፤ በቀን አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ማሽኗ ከዚያ በላይ አትችልም። ደሙን ቀድቼ እመለሳለሁ፤ ሴሎቹን በማግኔት እለያለሁ። አስታዋሾቹ ላይ ጥቃቅን የብረት ቅንጣት ይጣበቅባቸዋል፤ ማግኔቱ መሀል በምታልፍ ቀጭን ቱቦ ሲንጠባጠቡ እነሱ ይያዛሉ፣ ጀማሪዎቹ ያልፋሉ። ከዚያ ሁለቱንም የሚናገሩትን ነገር ባለበት የሚያስቆም ፈሳሽ ውስጥ እከታቸዋለሁ።

ይህ ሁሉ በመመሪያው ላይ ተጽፏል። መመሪያው ያልጻፈው አንድ ነገር ነው። ደም ቀድቶ እህል ሳይቀምሱ መሄድ የሚባል ነገር ያ አገር አያውቅም። እንግዳ ቤት ገብቶ፣ የሰው ደም ወስዶ፣ ውኃ እንኳ ሳይጠጣ ሊወጣ ነው? ቡዳ እንኳ እንደዚያ አያደርግም! አንዳንዱ ቤት ቆሎ ይቀርባል፣ አንዳንዱ ቤት የበቆሎ እሸት፣ አንዳንዱ ቤት ሙሉ ምሳ። ባለቤቱ ደም የሰጠው በባዶ ሆዱ ስለሆነ እሱም አብሮኝ ይቀርባል። መመሪያው ደሙ ማሽን እስኪገባ ብዙ ሰዓት ይፈቅድ ነበር፤ እኔ አንድም ቀን አልፌው አላውቅም። ስለዚህ እበላለሁ። በሳምንት ውስጥ ከሰው ጋር የምበላው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ከሁሉም የማልረሳው የአንዲት ባልቴት ቤት ነው። «እማማ» እላቸው ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ አንዱ ልጃቸው መተከል ሄዶ በዚያው ቀርቷል፤ አንዷ ልጃቸው አረብ አገር ናት። መጀመሪያ ቀን መርፌውን ነቅዬ ጥጡን ክንዳቸው ላይ እንደያዝኩ ሰማዩ ጠቆረ። የባጃጁ ሹፌር «ሲያባራ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። እማማ በሌላ እጃቸው ቦርሳዬን ተቀብለው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት፤ ደሙ ያለበትን ቦርሳ።

«ቁጭ በይ።»

«እማማ፣ ደሙ ይቆይብኛል።»

«ደሙ የኔ አይደለም እንዴ? የትም አይሄድም። ቁጭ በይ!»

ቁጭ አልኩ። የዳጉሳ እንጀራ በጎመን አቀረቡ። ወባ ይዟቸው ያውቅ እንደሆነ የጥናቱን ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ።

«ወባማ ዘመዴ ናት። በየዓመቱ ሳትጠይቀኝ አታልፍም። ልጆቼ እንኳ እንደሷ አይጠይቁኝ።» ከዚያ ትልቅ ጉርሻ አጎረሱኝና ሳልውጠው ሌላ ጠቀለሉ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ እንዳታጣዪን።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ዋለ። ስለ ልጆቻቸው አወሩልኝ፤ እኔም ስለ እናቴ አወራሁ። ለማንም አውርቼ አላውቅም ነበር። አንዳንዱን ነገር በአዊኛ ይሉና መልሰው በአማርኛ ያስረዱኛል። ባጃጁ በሩ ላይ ጡሩምባውን ሲነፋ የመጣ ሳይሆን የቀሰቀሰኝ መሰለኝ። ጥናቱ ከአንድ ሰው በተለያየ ወቅት ደም ይፈልግ ስለነበር ከዚያ በኋላም ደጋግሜ ሄድኩ። ወደሳቸው ቤት የምሄድበት ቀን ሲደርስ በዋዜማው ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም።

ከወራት በኋላ ወደ ውጭው ላብራቶሪ የተላኩት ናሙናዎች ውጤት መጣ። ኔትወርኩ ያን ያህል ፋይል ስለማይችል አማካሪዬ በሃርድ ዲስክ አድርገው፣ በጨርቅ ጠቅልለው፣ በአውቶቡስ ሹፌር ላኩልኝ። ከፈትኩት። የቆላዎቹ አስታዋሽ ሴሎች ይጮሃሉ። ፎስና ጁን የሚባሉ ጂኖች አሉ፤ ሴል ሲደነግጥ ቀድመው የሚነሡት እነሱ ናቸው። ደጋዎቹ ላይ ጸጥ ያሉት ጂኖች ቆላዎቹ ላይ ሰማይ ነክተዋል። ወባ ደጋግሞ የመታው ሴል ሁልጊዜ እንደነቃ፣ ሁልጊዜ እንደደነገጠ ይኖራል ማለት ነው አልን። አማካሪዬ ሳይስሉ ነበር የደወሉት። «ልጄ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው!» አሉኝ። የውጭው ላብራቶሪም ደስ ብሎት ለመጪው ዓመት ተዘጋጂ አለኝ።

ደስታዬን የምነግረው ሰው ሳስብ ማንም አልመጣልኝም። ወንድሜ ጋ ደወልኩ፤ ሥራ ላይ ነበር፤ «በኋላ» አለኝ። ጥብስ ልበላ ወጣሁ። «ሰው ይመጣል?» አለኝ አስተናጋጁ። ለመጀመሪያ ጊዜ «አዎ» ብዬ ዋሸሁት፤ ሁለት ብርጭቆ አመጣ። አንዱ ባዶውን እንደተቀመጠ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

ጽሑፉን ማዘጋጀት ስንጀምር አማካሪዬ አንድ ቀን ደወሉ። በዚህኛው ግን ስለው ነው የጀመሩት።

«አስታዋሾቹ መጮሃቸው ይሁን፤ ጀማሪዎቹስ?»

«ጀማሪዎቹ ምን ሆኑ?»

«እነሱም ይጮሃሉ እኮ። ቀነስ ይላል እንጂ ይጮሃሉ። ወባ በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ ምን አስደነገጣቸው?»

አንድ ነገር ብዬ መለስኩ፤ ምን እንዳልኩ አሁን አላስታውስም። «ደሙ ማሽን እስኪገባ ምን ያህል ይቆያል?» አሉኝ። ከመመሪያው አልፈን እንደማናውቅ ነገርኳቸው። እውነት ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን መቀመጥ አቃተኝ።

የቆላዎቹን ናሙናዎች ጩኸታቸው ከትንሹ ወደ ትልቁ ደረደርኳቸው። የእያንዳንዱን ቤት አውቀዋለሁ። ከሁሉም ዝቅ ያለው የባለቤቱ ሚስት ታማ ስለነበር ውኃ ብቻ ጠጥቼ የወጣሁበት ቤት ነው። ከእሱ ከፍ የሚለው ቆሎ የቆረጠምኩበት ቤት ነው። ከዚያ እሸት የበላሁባቸው፣ ከዚያ ምሳ የበላሁባቸው። ከሁሉም በላይ፣ ብቻውን ከፍ ብሎ የቆመው፣ ዝናብ የያዘኝ ቀን የተቀዳው የእማማ ደም ነበር። እንደገና ደረደርኩ፤ ያው ነው። የወባ ምልክት ያልነው የመስተንግዶ ምልክት ነበር። ሴሎቹ ከሰውነት ወጥተው ቲዩብ ውስጥ ሲቆዩ ይደነግጣሉ። እኔ በበላሁ ቁጥር እነሱ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይደነግጡ ነበር። ደጋዎቹ ደግሞ ሰጥተውኝ ስለሚሄዱ አብሬያቸው የምበላበት ጊዜ አልነበረም።

ግምት ብቻ እንዳይሆን በራሴ ደም ልሞክረው አሰብኩ። ክፍሌን ዘግቼ ጎማውን ክንዴ ላይ በጥርሴ ጎትቼ አሰርኩ፤ በሌላው እጄ ወጋሁ። አንዱን ቲዩብ ወዲያው ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። ሁለተኛውን ቦርሳ ውስጥ አድርጌ ሚስማር ላይ ሰቀልኩትና ምሳዬን አወጣሁ። ችግሩ ብቻውን የሚበላ ሰው ቶሎ መጨረሱ ነው። ሰሃኑ ባዶ ሆኖ ጊዜው ገና ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ጉርሻ እምቢ የምልበትን ያህል፣ እማማ ስለ ልጆቻቸው የሚያወሩበትን ያህል፣ እጅ የሚያስታጥቡበትን ያህል ባዶ ሰሃን ይዤ ተቀመጥኩ። ቦርሳውን አያለሁ፣ ሰዓቱን አያለሁ፤ አይሄድም። እሳቸው ቤት ያ ሁሉ ጊዜ እንዴት እንዳለፈ አልገባኝም።

ባሕር ዳር እነዚያን ሁለት ጂኖች ብቻ ለይቶ የሚለካ ማሽን ያለው ላብራቶሪ ነበር። ወሰድኩት። ወዲያው የገባው ደሜ ጸጥ ብሏል። የጠበቀኝ ደሜ ልክ እንደ ቆላዎቹ ይጮሃል። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ስለ ዲግሪው ነው ያለቀስኩት፤ ያን ጊዜ ሌላው ገና አልገባኝም ነበር።

ለአማካሪዬ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ሳይታተም ማወቃችን ተመስገን ነው» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። የውጭው ላብራቶሪ ደግሞ አዲስ ናሙና እስኪታይ ድረስ ጉዳይሽን አቆይተነዋል አለ። የቆላውን ደም እንደ አዲስ መቅዳት ሊኖርብኝ ነው።

«መርፌውን ነቅለሽ ትወጫለሽ» አሉኝ አማካሪዬ። «አትቀመጪም።»

«ቀድሜ በልቼ ከዚያ ብቀዳስ?»

«አንቺ ስትበዪ እነሱ ዝም ብለው ያዩሻል?»

አያዩኝም። እንግዳ ብቻውን አይበላም፤ ባለቤቱ አብሮ ይቀርባል፤ የበላ ሰው ደም ደግሞ በባዶ ሆዳቸው ከሰጡት ከደጋዎቹ ጋር አይነጻጸርም። ደሙን በባጃጅ ልኬ ልቀመጥ ብል ጤና ጣቢያው ውስጥ የሚቀበለኝ ሰው የለም። የምልከውም የምቀበለውም እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። ባጃጁ ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ይቆማል፤ እኔ ቆሜ እቀዳለሁ፤ እወጣለሁ። ሰዎቹ ምን አደረግናት ብለው እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ ቤት ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው ወደ ባጃጁ ወረወሩልኝ። አንዱ አባወራ «የከተማ ሰው ሲለምድ እንዲህ ነው» ሲል ከጀርባዬ ሰማሁት። ዋጥ አደረግኩት። ሥራው ግን እየተሳካ ነበር።

የእማማን ቤት መጨረሻ አደረግኩት። እንደምመጣ ቀድሜ መልእክት ልኬላቸው ነበር። ግቢው ውስጥ ገና ስገባ የዶሮ ወጥ ሸተተኝ። ያላቸውን ዶሮ አርደዋል። ክንዳቸውን እየሰጡኝ ቀጥነሻል፣ ማን ያበላሻል፣ ያን ያህል ጊዜ የት ጠፋሽ ይሉኛል። መርፌውን ነቀልኩ። እጃቸውን ወደ ቦርሳዬ ዘረጉ፤ ሊሰቅሉልኝ። ቦርሳውን ደረቴ ላይ ያዝኩት።

«እማማ፣ ዛሬ አልቀመጥም። ደሙ መቆየት የለበትም።»

«ያን ጊዜ ቆይቶ የለም እንዴ?»

«ሥራዬን ያበላሸብኝ እኮ እሱ ነው።»

ያልኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እማማ የተዘረጋ እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። ቆጣ እንኳ አላሉም።

«ደሜን ወስደሽ እህሌን ትተሽ?» አሉኝ።

«አድርሼው እመለሳለሁ። ዛሬውኑ እመለሳለሁ፣ እማማ።»

ፊታቸው በራ። «እንግዲያው ማንንም አላስነካውም» አሉ። ባጃጁ ውስጥ ገባሁ።

ልመለስ ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልመለስ ነበር። ሴሎቹን ለይቼ ሳልጨርስ ናሙናዎቹን በናይትሮጂን ዕቃ አድርጎ የሚወስደው መኪና ከቀጠሮው ቀድሞ መጣ። ሹፌሩ ዳገቱ ላይ ሳይመሽብን እንውጣ አለ። ያ ዕቃ ያለ እኔ አይሄድም፤ አዲስ አበባ የምፈርመውና የምከታተለው እኔ ነኝ። እማማ ስልክ የላቸውም። መልእክት እንዲያደርስልኝ ለባጃጁ ሹፌር ደጋግሜ ደወልኩለት፤ ኔትወርክ የለውም። ዳገቱን ስንወጣ ጋቢዬን ለበስኩ፤ ሹፌሩ ስለ ነዳጅ ሲያወራኝ አዎ አዎ እለዋለሁ። ነገ እመለሳለሁ እያልኩ አዲስ አበባ ገባሁ፤ የመላኪያው ፈቃድ ተጓተተና እዚያ ሳምንታት ቆየሁ።

ስመለስ ስኳርና ሳሙና ገዝቼ፣ መርፌ ሳልይዝ፣ እንደ ሰው ሄድኩ። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጎረቤታቸው፣ አንዲት ጎልማሳ ሴት፣ አየችኝና መጣች።

«ልጇ ከአረብ አገር መጥታ ወሰደቻት» አለችኝ። «አዲስ አበባ ይሁን ናዝሬት፣ እኔ እንጃ። ዓይኗን ልታሳክማት ነው።»

«እኔን ጠይቀው ነበር?»

«አንቺ ነሽ እንዴ ባለደሟ?» ብላ ደህና አድርጋ አየችኝ። «ያን ቀን እስኪመሽ በር ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችሽ። ብቻሽን ከምትሆኚ ብዬ ብመጣ እንኳ አላስቀመሰችኝም፤ ልጄ ትመጣለች፣ አብረን ነው የምንበላው እያለች። በማግስቱ ጠርታ ሰጠችን። እሷ ግን አልቀመሰችውም።»

ስኳሩንና ሳሙናውን ለእሷ ሰጠኋት። «ግቢና እህል ቅመሽ» አለችኝ። ገባሁ፤ በላሁም፤ የቀረበልኝ ምን እንደነበር ግን አላውቅም።

አዲሱ ውጤት መጣ። በደጋና በቆላ ሰዎች መሀል ልዩነት አለ። እንደ መጀመሪያው የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ትንሽ ነው፤ ግን አስታዋሾቹ ላይ ብቻ ነው የሚታየው፤ ጀማሪዎቹ ዝም ብለዋል። «እውነተኛ ነገር እንዲህ ነው» አሉኝ አማካሪዬ። የውጭው ላብራቶሪም ነይ አለኝ። የፈለግኩትን አገኘሁ፤ አላገኘሁም ብል ግፍ ነው።

«በተለይ አንዲት ናሙና አለች» አሉኝ አማካሪዬ በዚያው ስልክ። «አንድም ጂን አልደነገጠባት። ለተማሪ የምትታይ ናት። እንዴት አድርገሽ ቀዳሻት?» ቁጥሯን ነገሩኝ። የእማማ ነበረች።

«ሳልቀመጥ» አልኳቸው።

«ጎበዝ!» አሉኝ።

ከዚያ የመጀመሪያውን ዙር የቆላ ናሙናዎች ከትንታኔው አወጣሁ። አንድ መስመር ትእዛዝ መጻፍ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ዝናብ የያዘኝ ቀን የተቀዳው የእማማ ደም ከሌሎቹ ጋር ወጣ። አሁን ጥናቱ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ነው፤ ንጹሑ። የሚያነበው ሰው ወባ ደጋግማ እንደያዘቻቸው ያውቃል። እኔ አንድ ቀን ቤታቸው ገብቼ ከእሳቸው ጋር መብላቴን ግን አያውቅም።